ባላደራን የመምረጥ ልማድ በጤና ሙያ ማኅበራት

በመካኒሳ፣ እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ የእድር ጠቅላላ ስብሰባ የሚጠራው በዕረፍት ቀን ነው። ከተሰብሳቢው መካከል ነጋዴው፣ ግንበኛው፣ ጡረተኛው ወታደርና የቤት እመቤቷ ይገኛሉ፤ ሰፈሩ ለአለርት ሆስፒታል ቅርብ በመሆኑም የአዳር ተረኛነቷን ፈጽማ የመጣች ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ከመካከላቸው አይታጡም። በዚህ ስብሰባ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ንብረት ጠባቂው ይመረጣሉ። ከጡሩምባ ነፊው በቀር ለድካሙ የሚከፈለው ሰው እምብዛም የለም። ተመራጩ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ የባንክ ደብተሩንና የአባላቱን መዝገብ ይረከባል፤ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃም ቆጥሮ ያስረክባል። ያለ በቂ ምክንያት ከስብሰባ የቀረ አባል ይቀጣል። ቅጣቱ ጥቂት ብር ነው፤ ነገር ግን ስሙ በጉባኤ ፊት መጠራቱ ከብሩ ይልቅ ይከብዳል።

ያችው ነርስ የአንድ ሙያ ማኅበርም አባል ናት እንበል። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ለጠቅላላ ጉባኤ ይጠራታል። ብትመጣ የሚያመሰግናት፣ ብትቀር የሚቀጣት የለም፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ትቀራለች። ሆኖም በዚያ ጉባኤ የሚመረጡት ሰዎች በስሟ ለመንግሥት ደብዳቤ የሚጽፉ፣ በስሟ ከውጭ ማኅበራት ጋር የሚዋዋሉ፣ በስሟ ስለ ሙያው ክብርና ስለ ኑሮዋ የሚናገሩ ናቸው። የጤና ሙያ ማኅበራት ታሪክ በተነሣ ጊዜ ስለ መጽሔቶቻቸውና ስለ ዓመታዊ ጉባኤዎቻቸው ብዙ ይነገራል። መሪዎቻቸው እንዴት እንደተመረጡና ስንት ሰው እንደመረጣቸው ግን እምብዛም አይወሳም። የማኅበር ድምፅ የሚሰማውም የሚናቅም ከዚህ የተነሣ ስለሆነ፣ ጉዳዩ መወሳት ይገባዋል።

በመሠረቱ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ባላደራን መምረጥ ለኢትዮጵያውያን ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበር ሙሴ አለው፤ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ከውጭ የመጣው የተጻፈው የሕግ መልክ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመሰብሰብን መብት በወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በድምፁ መረጠ። ቀጥሎም ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና በተከታዩ ዓመት መስከረም 1 ቀን ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት ደነገገ። ማኅበር ማለት ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች የሚያቋቁሙት ስብስብ መሆኑን ተረጐመ፤ የበላይ ሥልጣኑንም ለጠቅላላ ጉባኤው ሰጠ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ይህን ክፍል ሲጽፉ እድርን በዐይነ ሕሊናቸው አልያዙ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ የእድር ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው አንቀጾቹን ቢያነብ አብዛኛውን ነገር ከልማድ የሚያውቀው ሆኖ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ደግሞ ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ማኅበር መሪ ማን እንደሆነ የሚያውቁት አባላቱ ብቻ መሆናቸው ቀረ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም የመሪዎቹን ስም በመዝገቡ ያዘ።

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። መጽሔቱም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1962፣ መታተም ጀመረ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ቁጥራቸው በጥቂት መቶዎች የሚገመት ሲሆን፣ የሚበዙትም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ገና አልተከፈተም፤ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። ነርሶች ግን ከሐኪሞች ቀድመው በ1940ዎቹ ዓመታት የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። የፋርማሲ ባለሙያዎች የተደራጁት በ1966 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለ ትንሽ ማኅበር የሚያደርገው ምርጫ ለምርጫ ያህል የሚደረግ ሊመስል ይችላል። መራጩና ተመራጩ በየዕለቱ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይገናኛሉ፤ ማን ምን እንደሚያውቅና ማን እንደሚታመን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ነገር ግን የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት አገር፣ ሹመት ሁሉ ከላይ በሚመጣበት ጊዜ፣ የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን በድምፅ ሊቀመንበር ማድረጋቸው፣ ሌላውንም በድምፅ ማውረዳቸው፣ ቀላል ልምምድ አልነበረም። በሆስፒታሉ ዲሬክተር የሆነው ሰው በማኅበሩ ተራ አባል፣ የእርሱ ረዳት ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። በመሥሪያ ቤት ያለውን የማዕረግ ተዋረድ ለአንድ ቀን ከበር ውጭ የሚያስቀር ስብሰባ ብዙ አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ምን ያህል ክብደት እንዳለውና ምን ያህልም ሊያደናግር እንደሚችል ለመረዳት የእንግሊዝን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ትምህርታቸውን ወይም የሥርዓታቸውን አብነት ያገኙት ከዚያ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ የሐኪሞችን መዝገብ የሚይዘው ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1858 በሕግ ሲቋቋም ከአባላቱ አንዱ እንኳ በተራ ሐኪሞች ድምፅ የተመረጠ አልነበረም፤ ሁሉም ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከጥንታውያን የሙያ ኮሌጆችና ከዘውዱ የተወከሉ ነበሩ። ሐኪሞች ቢያጉረመርሙም ሰሚ ያገኙት ከ28 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ሕግ 5 መቀመጫ ብቻ ለቀጥታ ምርጫ ፈቀደ፤ 3 ለእንግሊዝና ዌልስ፣ 1 ለስኮትላንድ፣ 1 ለአየርላንድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ምክር ቤቱ በመዝገብ ለመቆየት በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈል ባለ ጊዜ፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ሐኪሞች፣ ሳንወከል አንከፍልም ብለው አሻፈረኝ አሉ። መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ የተመረጡ ሐኪሞች በምክር ቤቱ አብላጫውን መቀመጫ ያዙ።

ድሉ ግን አልዘለቀም። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው ሐኪም ሕሙማኑን በመግደል እ.ኤ.አ. በ2000 ከተፈረደበት በኋላ ነገሩን ያጣሩት ዳኛ ጃኔት ስሚዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሪፖርት፣ ምክር ቤቱ ከሕመምተኛው ይልቅ ለሐኪሙ የማድላት ዝንባሌ እንዳለው ወቀሱ። የተመረጠ ሰው የመረጡትን ይመለከታልና። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የምክር ቤቱ 24 አባላት በሙሉ፣ ግማሾቹ ሐኪሞች ግማሾቹ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሆነው፣ በሹመት የሚገቡ ሆኑ። የእንግሊዝ ሐኪሞች በምርጫ መሪዎቻቸውን የሚሰይሙት አሁን በሙያ ማኅበራቸው ብቻ ነው።

የነርሶቹ ታሪክ አጭርና ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ የተባሉት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ነርሶችን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1899 ዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ነርሶች በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገቡ ከ30 ዓመት በላይ ተሟገቱ። ሕጉ በ1919 ወጣ፤ በተከፈተው መዝገብ ላይም ቁጥር 1 ሆነው የሰፈሩት እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የምክር ቤቱ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በነርሶች ድምፅ ሲመረጡ፣ መዝገቡን ያስገኙት ወይዘሮ ወንበራቸውን አጡ። መራጮቹ ስለ ውለታቸው ሊያመሰግኗቸው ይችሉ ነበር፤ እንዲመሯቸው ግን አልፈለጉም። ድምፅ ሰጪ ውለታንና አደራን ለይቶ የሚያይ መሆኑን ብዙ የማኅበር መሥራች ዘግይቶ ነው የሚረዳው።

በስደት ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ስማቸው የገባው በዚሁ የነርሶች ምክር ቤት መዝገብ ነው። ልዕልቲቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። በስማቸው የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው፣ ከዘነበወርቅና ከመካኒሳ ብዙም ሳይርቅ በከተማው ምዕራብ ይገኛል። ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር።

በኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ መስጠትና መንጠቅ በተመራጮች እጅ ገብቶ አያውቅም። ምዝገባው ከድሮ ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 76 የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ሲቋቋም፣ ሙያው በራሱ ሰዎች ሊዳኝ ነው የሚል ተስፋ ተፈጥሮ ነበር። ዳሩ ግን ምክር ቤቱ ዕድሜው ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ሥራው ለምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተላለፈ። እንግዲህ በሙያ ማኅበር የሚመረጠው ሰው ፈቃድ አይሰጥም፣ ፈቃድ አይነጥቅም፣ ደመወዝ አይቈርጥም፣ ደመወዝም አይጨምርም። በእጁ ያለው ኀይል አባላቱ መርጠውኛል ማለት መቻሉ ብቻ ነው። ምርጫው ከተጓደለ ደግሞ ይህም አይኖረውም።

መንግሥታት ይህን አውቀውታል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ፣ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 ፈርሶ በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ሲተካ፣ የመሪዎች ስም ዝርዝር ከላይ እየተዘጋጀ ለጭብጨባ የሚቀርብበት ጊዜ መጣ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም የመምህራን ማኅበር የደረሰበት ነገር ለሙያ ማኅበራት ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው ይህ ማኅበር በ1985 ዓ.ም. አካባቢ ተከፍሎ፣ በአንድ ስም ሁለት አመራር ተነሣ፤ ሁለቱም የተመረጥን ነን አሉ። ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ እየተንከባለለ እስከ 2000 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚህ መካከል ከቀድሞው አመራር ወገን የነበሩት ሊቀመንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ምክትል ጸሐፊው አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ማን መረጠህ የሚለው ጥያቄ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የጤናው ዘርፍ በእነዚያው ዓመታት በማኅበራት ብዛት ሰፋ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989፣ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርና የአዋላጅ ነርሶች ማኅበር ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1992 ተመሠረቱ። የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 13ኛውን የዓለም የኅብረተሰብ ጤና ጉባኤ በአዲስ አበባ ለማስተናገድ በቃ። ማኅበራቱ ጽሕፈት ቤት ከፈቱ፤ ደመወዝተኛ ዲሬክተርና ሒሳብ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ ፕሮጀክት ያዙ። በዚህ ጊዜ ያለ ደመወዝ በሚያገለግለው ቦርድና በደመወዝ በሚሠራው ጽሕፈት ቤት መካከል አዲስ ሚዛን ተፈጠረ። ቦርዱ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ይሰበሰባል፤ ጽሕፈት ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሰነዱን የሚያውቀው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የሚጠየቀው ግን ቦርዱ ነው። ያልተጠነቀቀ ቦርድ የሌሎችን ውሳኔ በፊርማው የሚያጸድቅ ማኅተም ሆኖ ይቀራል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሌላ ፈተና አመጣ። ኢትዮጵያዊ ተብሎ የሚመዘገብ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ተከለከለ፤ ከዚህ በላይ የሚያገኘው ደግሞ በመብትና በመሰል ጉዳዮች እንዳይሠራ ተደረገ። አንድ የሙያ ማኅበር የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የውጭ ዕርዳታ ይቀበል ወይስ ስለ አባላቱ መብት ይናገር የሚለውን እንዲመርጥ መገደዱ ነው። ይህን የሚወስኑት ያለ ደመወዝ የተመረጡት ሰዎች ስለነበሩ፣ ማን እንደተመረጠ የማይጨነቅ የነበረ አባልም በውሳኔው ተነካ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ የገንዘቡ ገደብ ቀረ፤ የአባላትን መብትና ጥቅም ማስጠበቅም ከሙያ ማኅበር ዓላማዎች አንዱ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ተጻፈ።

ሕጉ ተሻሻለ እንጂ የምርጫው ዕለት ልማድ እምብዛም አልተለወጠም። ዓመታዊ ጉባኤ ጥናቶች የሚቀርቡበት ሳይንሳዊ ክፍልና የማኅበሩ ጉዳይ የሚታይበት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በመክፈቻው ሚኒስትር ሲናገር አዳራሹ ይሞላል። ከምሳ በኋላ ይሳሳል። የሒሳብ መርማሪው ሪፖርት ሲነበብ ከክፍለ ሀገር የመጣው አውቶቡሱን ያስባል፤ የአዲስ አበባው ደግሞ የግል ክሊኒኩን። ከዚያ አስመራጭ ኮሚቴ ይሰየማል። ምልዓተ ጉባኤ መኖሩ ይጠየቃል፤ ከሌለም በደንቡ መሠረት በተገኘው ሰው ይቀጥላል ይባላል። ጥቆማ ሲጀመር አንዱ ተነሥቶ በስብሰባው የሌለ ሰው ስም ይጠራል። ሌላው ሲጠቆም ሥራ ይበዛብኛል ብሎ ይቅርታ ይለምናል፤ ጨዋነት እንጂ እምቢታ እንዳልሆነ የሚገባው ሰብሳቢ አለ፣ የማይገባው አለ። በኢትዮጵያ ልማድ ዕጩ ራሱን አያወድስምና፣ ተመርጦ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ዕጩ ስግብግብ ይመስላል። ስለዚህ መራጩ ስለ ሰውየው የሙያ ስም እንጂ ስለ ሐሳቡ ሳያውቅ እጁን ያነሣል። ዝነኛ ቀዶ ጠጋኝ ይመረጣል፤ ለስብሰባ ጊዜ እንደሌለው ግን ሁሉም ያውቃል።

እጅ በማንሣት መምረጥ የራሱ ጣጣ አለው። ሬዚደንቱ የመምህሩ ተፎካካሪ ለሆነው ዕጩ በመምህሩ ፊት እጁን ለማንሣት ድፍረት ያስፈልገዋል። በምስጢር የሚሰጥ ድምፅ ይህን ያስቀራል፤ ጊዜ ግን ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ በዚያ ሰዓት የለም። ከሁሉ የከበደው የሩቁ አባል ነገር ነው። በመቀሌ፣ በሐረር፣ በጅማ ወይም በጎንደር የሚሠራው ባለሙያ መዋጮውን እንደ አዲስ አበባው ይከፍላል፤ ለምርጫው ግን ፈቃድ መጠየቅ፣ መንገድ መሳፈር፣ ማደሪያ መክፈል አለበት። በዚህ የተነሣ ስሙ የኢትዮጵያ የሚል ማኅበር በአንድ ከተማ ሰዎች እየተመራ ሊዘልቅ ይችላል። በክልል ቅርንጫፍ እየተመረጡ በውክልና መምጣት ይህን ያቃልላል፤ ቅርንጫፉ ራሱ የሚሰበሰብ ከሆነ ነው።

በዚህ ረገድ እድር ከሙያ ማኅበር የሚበልጥበት ምክንያት ከባድ አይደለም። የእድር አባል አንድ ቀን ለአባቱ ወይም ለራሱ ድንኳኑ እንደሚተከል ያውቃል፤ ገንዘብ ያዡ ማን እንደሆነ ግድ ይለዋል። የሙያ ማኅበር አባል ግን ማኅበሩ የሚያስፈልገው ቀን መቼ እንደሆነ አያውቅም።

ለብዙ የጤና ባለሙያዎች ያ ቀን በግንቦት 2017 ዓ.ም. መጣ። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ያቀረቡት ጥያቄ መልስ አላገኘም ብለው በየቦታው ከፊል የሥራ ማቆም አደረጉ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። እንቅስቃሴው በአብዛኛው የተጠራው በማኅበራዊ መገናኛ እንጂ በነባር ማኅበራት ጉባኤ አልነበረም። በየሆስፒታሉ ግን ባለሙያዎች ማኅበራችን የት አለ፣ መሪዎቹንስ ማን መረጣቸው ብለው ጠየቁ። ለሁለተኛው ጥያቄ የተጻፈ መልስ በየማኅበሩ መዝገብ ቤት ይገኛል። በመጨረሻው የምርጫ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ መጀመሪያ ገጽ፣ ከቀኑና ከቦታው ቀጥሎ፣ የተገኙት አባላት ቁጥር ተመዝግቧል።